ማን ይገብራል? ማን ግብር ይበላል?

በአማርኛችን ግብር የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ባላገሩ ከምርቱ ቆርሶ ለመንግሥት የሚያገባው ግብር ይባላል፤ ቀድሞ በአዳራሽ ሥጋው እየተቆረጠ ጠጁ እየተቀዳ መኳንንቱና ወታደሩ ይቀርቡበት የነበረው ማዕድም ግብር ይባላል። አንዱ ይገብራል፣ ሌላው ግብር ይበላል። ቃሉ አንድ መሆኑ ለእኛ ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ የግብር ነገር በተነሣ ቁጥር ከፋዩን ብቻ ሳይሆን በላተኛውንም አብረን እንድናይ ያስገድደናልና።

ይህን ማስታወሻ ዛሬ የምናነሣበት ምክንያት አለን። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ በከተማ መሬት የመጠቀም መብትና በሕንፃ ላይ ግብር የሚጣልበትን መንገድ አውጥቶ፣ ልኩን በወሰኑ ውስጥ የመቁረጡን ሥራ ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ትቷል። ከዚያም አስቀድሞ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጣራና ግድግዳ ግብር የሚባለው ሲሻሻል ብዙ ባለቤት ሲያጉረመርም ሰምተናል። ክርክሩ በየቡና ቤቱና በየመኝታ ክፍላችን ሳይቀር ቀጥሏል። በክርክሩ ውስጥ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ሁለቱም ወገን ምስክር አድርጎ የሚጠራው “ሌላውን አገር” ነው። አንደኛው፣ “በሌላው አገር ሰው ለቤቱ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይከፍላል፤ እኛ ምን ከፈልንና ነው የምንጮኸው?” ይላል። ሁለተኛውም፣ “በሌላው አገር የከፈለ ውሃና መንገድ ያገኛል፤ እኛስ?” ብሎ ይመልሳል። ሌላው አገር የትኛው እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም።

የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሰው ቁጥርም ሳይመረመር አያስረዳም። ስለዚህ እኛ በበኩላችን አንድ “ሌላ አገር” መርጠን ቀረብ ብለን ልናየው አስበናል። የመረጥነው አሜሪካን ነው። ይህም አገሪቱን ለማድነቅ አይደለም፤ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር 50 ግዛቶች እየኖሩ እያንዳንዳቸው በቤትና በመሬት ላይ ሌላ ሌላ ዓይነት ግብር ስለሚጥሉ፣ ለማነጻጸር ከዚያ የተሻለ ቦታ ስለማይገኝ ነው። ደግሞም ዳላስና ሂውስተን ያሉት ወገኖቻችን፣ “ቴክሳስ የደመወዝ ግብር የለም” እያሉ የሚያወሩትን ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ልኩን እንይ። በአሜሪካ የንብረትን ግብር የሚጥለው የዋሽንግተኑ መንግሥት ሳይሆን በአብዛኛው ካውንቲው፣ ከተማውና የትምህርት ቤት ወረዳው ነው። በየዓመቱ የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን በኒው ጀርሲ በአማካይ ከመቶ 2 ገደማ ነው። በቴክሳስ ከመቶ አንድ ተኩል ገደማ ነው። በአላባማ ከመቶ ግማሽ አይሞላም፤ በሃዋይ ደግሞ ከመቶ ሲሶ ገደማ ነው። 300,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው እንግዲህ በኒው ጀርሲ 6,000 ዶላር ገደማ፣ በቴክሳስ 4,500 ዶላር ገደማ፣ በሃዋይ 1,000 ዶላር የማይሞላ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ሰንጠረዥ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው፣ የኒው ጀርሲ መንግሥት ጨካኝ፣ የአላባማና የሃዋይ ርኅሩኅ ነው ብሎ ይነሣል። እንዲህ ያለ ፍርድ ግን ከመጽሐፍ አንዱን ገጽ ብቻ አንብቦ መጽሐፉን እንደ መተቸት ነው።

ቀጣዩን ገጽ እንግለጥ። ቴክሳስ በእውነት የደመወዝ ግብር የላትም፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 ሕዝቡ በሕገ መንግሥቷ ውስጥ እንዲከለከል ድምፅ ሰጥቷል። ነገር ግን ትምህርት ቤትና ፖሊስ፣ መንገድና ሆስፒታል በነፃ አይቆሙም። በደመወዝ በር ያልገባው ግብር በቤት በር ገብቷል። ከደመወዙ አልተቆረጠብኝም ብሎ ደስ ያለው ሰው ቤት የገዛ ዕለት ያገኘዋል፤ ያልገዛም እንደሆነ አከራዩ ከኪራዩ ጋር ደምሮ ያስከፍለዋል። የደመወዝ ግብርም አጠቃላይ የሽያጭ ታክስም የሌላት ኒው ሃምፕሽርም እንደዚሁ ሸክሟን በቤት ላይ ጭናለች። በአላባማ ደግሞ ብዙ መሬት ያለው ሰው ጥቂት ይከፍላል፤ የጎደለው ግን ከሱቅ ይሰበሰባል። ግዛቲቱ እስከ 2023 ድረስ በእህልና በምግብ ሸቀጥ ላይ ሳይቀር ከመቶ 4 የሽያጭ ታክስ ትወስድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው በሁለት ጊዜ ወደ ከመቶ 2 ያወረደችው። ይህም ለግዛቲቱ ብቻ የሚገባው ነው፤ ከተማውና ካውንቲው የራሳቸውን ይጨምሩበታል። እንግዲህ የአላባማ ባለመሬት ያልከፈለውን የአላባማ ድሀ እናት ዳቦ በገዛች ቁጥር ትከፍልለታለች። ታዲያ የትኛው ግዛት ነው ግብሩ ዝቅ ያለ? መልሱ፣ ለማን ብለን ካልጠየቅን አይገኝም።

ሦስተኛው ገጽ የግምት ነገር ነው። ልኩ አንድ ቢሆንም የቤቱን ዋጋ የሚገምተው ማን ነው? በየስንት ጊዜው? ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1978 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ሕግ የቤት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከመቶ 1 እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከመቶ 2 በላይ እንዳይጨምር አደረገች። ሕጉ ዋጋ እየናረ ከቤታቸው ሊነቀሉ ለነበሩ ሽማግሌዎች መድኃኒት ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ውጤቱ ምን ሆነ? በሎስ አንጀለስ አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. በ1988 በ170,000 ዶላር ቤት ገዝታ በዓመት 1,701 ዶላር ስትጠየቅ፣ በዚያው ሠፈር መጠኑ እኩል የሆነ ቤት አስቀድሞ የያዘ ጎረቤቷ ይከፍል የነበረው 358 ዶላር ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ክስ አቅርባ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1992 ሕጉን አጸናው። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ልኩ ለሁሉም አንድ ነው፤ አስቀድሞ የደረሰ ጥቂት ይከፍላል፣ ወጣቱና አዲስ ገቢው ግን ብዙ ይከፍላል። ገና ሥራና ጎጆ የምንፈልግ እኛ ይህን ነገር በቸልታ ልናልፈው አይገባም።

አሁን ግን ከሁሉ ወደሚበልጠው ገጽ እንመጣለን፤ ይኸውም የተሰበሰበው የት ይውላል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የምናቀርበው ታሪክ የተማሪዎች ታሪክ ስለሆነ አንባብያን በትዕግሥት እንዲከተሉን እንለምናለን።

በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1968 በከተማይቱ ምዕራብ በኤጅዉድ ወረዳ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የሜክሲኮ ዘር ያለው ሠራተኛ ነበር፤ በሰሜን በኩል ባለው በአላሞ ሃይትስ ወረዳ ደግሞ ባለጠጎቹ ነጮች ይኖሩ ነበር። ሁለቱም የየራሳቸውን ትምህርት ቤት የሚያቆሙት ከየራሳቸው ቤትና መሬት ከሚሰበሰብ ግብር ነው። በዚያ ዘመን የኤጅዉድ ሰው ከተገመተው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ 1.05 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ይህም በከተማይቱ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች ሁሉ የበለጠው ልክ ነበር። የአላሞ ሃይትስ ሰው 0.85 ዶላር ብቻ ይከፍል ነበር። እንግዲህ ድሀው ከባለጠጋው አብልጦ በራሱ ላይ ጫነ ማለት ነው። ፍሬውን ደግሞ እንይ። በኤጅዉድ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ንብረት 5,960 ዶላር ሲሆን፣ በአላሞ ሃይትስ ግን ከ49,000 ዶላር በላይ ነበር። ስለዚህ ለግዛቱ የጋራ ሣጥን የሚገባው ድርሻ ከተነሣ በኋላ ኤጅዉድ ለአንድ ልጅ ማዋጣት የቻለው 26 ዶላር፣ አላሞ ሃይትስ ደግሞ 333 ዶላር ሆነ። የግዛቱና የፌዴራሉ እርዳታ ተጨምሮበት እንኳ የኤጅዉድ ልጅ 356 ዶላር፣ የአላሞ ሃይትስ ልጅ 594 ዶላር ደረሰው።

ይህን ቁጥር አስቀድመው በዓይናቸው ያዩት ተማሪዎቹ ነበሩ። በግንቦት ወር 1968 የኤጅዉድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 400 ያህል ሆነው ከክፍል ወጥተው ወደ ወረዳው ኃላፊ ቢሮ ሄዱ። የጠየቁት የሰማይ ኮከብ አልነበረም፤ መስኮቱ ይጠገን፣ የሚያስተምር መምህር ይምጣልን ነው ያሉት። ወላጆቻቸውም ነገሩን አንሥተው በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ሄዱ። ከከሳሾቹ አንዱ የነበረው ዴሜትሪዮ ሮድሪገስ የሚባል ብረት ሠራተኛ ሲሆን፣ ክሱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የታችኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1973 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ገለበጠው፤ ትምህርት በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከተጠበቁት መሠረታዊ መብቶች ውስጥ አይገባም ብሎ ወሰነ። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ፣ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን በሙግት ያስቀረው ዝነኛው ጥቁር ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ነበር።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ወረዳው በ1980ዎቹ በራሱ በቴክሳስ ሕገ መንግሥት መሠረት እንደገና ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ አንድ ተቃዋሚ ፈረደለት። በዚያ ጊዜ በቴክሳስ ከሁሉ ባለጠጋ በሆነው ወረዳ ለአንድ ተማሪ ከ14,000,000 ዶላር በላይ ንብረት ሲቆጠር፣ ከሁሉ ድሀ በሆነው 20,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም 700 ለ1 ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1993 ሀብታም ወረዳዎች ከግብራቸው ከፍለው ለድሆቹ እንዲያካፍሉ ሕግ ወጣ። እስከ ዛሬም የሚያጉረመርሙበት አሉ፤ ሕጉ ግን ቆሟል።

ከዚህ ላይ ወደ ሃዋይ መለስ ብንል፣ የግብሯ ዝቅ ማለት ምሥጢር ይገለጥልናል። በሃዋይ ግዛቱ በሙሉ አንድ የትምህርት ቤት ወረዳ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም የሚቆሙት ከቤት ግብር ሳይሆን ከግዛቱ የጋራ ሣጥን ነው። ባለጠጋውም በገቢው ላይ እስከ ከመቶ 11 ይከፍላል። ስለዚህ የሃዋይ ከመቶ ሲሶና የአላባማ ከመቶ ግማሽ ጎን ለጎን ቢጻፉም ወንድማማቾች አይደሉም። አንዱ ዝቅ ያለው ሸክሙ ወደ ሰፊው ትከሻ ስለተላለፈ ነው፤ ሌላው ዝቅ ያለው ሸክሙ ወደ ደካማው ትከሻ ስለተወረወረ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለ። ለም የሆነው ጋሻ ጠፍ ተብሎ ከተመዘገበ ባለመሬቱ ተጠቀመ፤ ጠፉ ለም ከተባለ ግን ገባሩ አለቀ። ልኩ በነጋሪት ጋዜጣ ቢጻፍም፣ ፍርዱ ያለው በገማቹ ብዕር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጨመረ። ባላገሩ የትምህርት ግብሩን እየከፈለ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ አብዛኛው የገጠር ልጅ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ቀረ፤ የተማረው በአብዛኛው የከተማው ልጅ ነው። ኤጅዉድ በሳን አንቶኒዮ ብቻ አይደለችም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ በተነሣ ጊዜም ያስቆጣው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ቀላዱ ርስቴን ይነቅለዋል፣ ገማቹም አያምነኝም ብሎ ነበር። እምነት የሌለበት ግብር ሠራዊት ቢያዘምቱበትም እንደማይሰበሰብ ከዚያ ተምረናል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተው፣ “እንግዲያውስ የንብረት ግብር ፈጽሞ አይኑር” ይሉ ይሆናል። እኛ እንዲህ አንልም። አስፋልት ባለፈበት ሠፈር የመሬት ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሲሆን፣ ያንን ዋጋ የፈጠረው መንገዱን ያሠራው ሕዝብ ነው እንጂ ተኝቶ ያደረው ባለይዞታ አይደለም። ሕዝብ የፈጠረውን በከፊል ለሕዝብ መመለስ ፍርድ ነው። ደግሞም የደመወዝተኛው ግብር ገና ከኪሱ ሳይደርስ ሲቆረጥ፣ አምስት ፎቅ ያከራየ ሰው ጥቂት ከፍሎ የሚኖርበት ምክንያት አይታየንም። የምንቃወመው ግብሩን ሳይሆን፣ “ከእገሌ አገር ያነሰ ነው” በሚል ቃል ብቻ ተሸፍኖ እንዲያልፍ ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ “ይህ የባለቤቶች ጉዳይ ነው፤ ቤት የሌለው ተማሪ ምን አገባው?” ይሉናል። ቤት የሌለን መሆናችን እውነት ነው። ነገር ግን ከግቢ ውጭ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ጓደኛችን የአከራዩን ግብር ከኪራዩ ጋር እንደሚከፍል እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2023 ቴክሳስ በራሱ ቤት ለሚኖር ሰው ለትምህርት ቤት ከሚከፍለው ግብር ነፃ የሚሆነውን የቤት ዋጋ ከ40,000 ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ስታደርግ፣ ለተከራዩ በቀጥታ የደረሰው የለም። የተከራይ ስም በግብር መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ግብር የማይከፍል ይመስላል፤ የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ክልሎችና ከተሞች ልካቸውን ሲቆርጡ የሚከተለው እንዲታሰብበት እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ የግምቱ መዝገብ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን። በቴክሳስ ማንም ሰው የጎረቤቱ ቤት በስንት እንደተገመተ መዝገቡን ከፍቶ ያያል፤ በራሱም ግምት ላይ ለዚሁ በተቋቋመ ጉባኤ ፊት ይሟገታል። ይህ ጨዋነትን የሚነካ ነገር አይደለም፤ ገማቹን ከጉቦ፣ ከፋዩንም ከጥርጣሬ ያድናል።

ሁለተኛ፤ ቤት ኖሮት ገቢ የሌለው ሰው ይታሰብ። በቦሌ ወይም በፒያሳ አርባ ዓመት የኖረች ባለጡረታ እናት የቤቷ ዋጋ ሚሊዮን ቢባል፣ ሚሊዮኑን በልታው አታድርም። የዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን የቤት ግብራቸው ከገቢያቸው ጋር ተመዛዝኖ ከፊሉ እንዲመለስላቸው አድርጋለች፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከትለዋታል። የካሊፎርኒያ መንገድ ቪላውንም ደሳሳውንም በአንድነት ሲጋርድ፣ ይኸኛው ግን ችግረኛውን ለይቶ ይጋርዳል።

ሦስተኛ፤ የሀብታም ሠፈር ግብር በሀብታም ሠፈር ብቻ አይቅር። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሞላበት ክፍለ ከተማና የቆርቆሮ ቤት ብቻ ያለባት የወረዳ ከተማ እኩል ልክ ቢጥሉም እኩል ትምህርት ቤት አይሠሩም። የማካፈያው ቀመር ከግብሩ ጋር አብሮ ይውጣ፤ እንደ ቴክሳስ ሃያ አምስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰን የምናገኘው አይሁን።

አራተኛ፤ በየዓመቱ ከየት ስንት እንደተሰበሰበና የት እንደዋለ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የገበረ ሰው የግብሩን ማዕድ ማየት መብቱ ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የኢኮኖሚክስ፣ የሕግ፣ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች አለን። ነገ ከመካከላችን አንዱ ገማች፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ የምክር ቤት አባል፣ አንዱም መስኮቱ በተሰበረ ክፍል ውስጥ መምህር ይሆናል። ለዚያ ቀን ከአሁኑ እንዘጋጅ። “በሌላው አገር ከዚህ ይበልጣል” የሚለን ሰው ሲመጣ፣ የኤጅዉድ ልጆች ወላጆችም ከጎረቤታቸው አብልጠው ከፍለው ያነሰ እንዳገኙ እንንገረው። “በሌላው አገር ከዚህ ያንሳል” የሚለንም ሲመጣ፣ በአላባማ የቀረውን ማን እንደሚከፍለው እንጠይቀው። ከሁለቱም ጋር ስንነጋገር ጥያቄያችን ያው አንድ ነው፤ ማን ይገብራል? ማን ግብር ይበላል?